መንግሥት ቢሮውን ዘጋ፣ እኛስ በበረዶ ሥራ እንግባ ወይስ እንቅር?

የገና ዋዜማ ነበር። ጃንዋሪ 6፣ 2025። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ በበረዶ ተሸፍነው አደሩ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሰኞ እንደሚዘጉ እሁድ ዕለት ተነግሮ ነበር። ላፕቶፕ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ከሶፋው ላይ ሠራ፤ ከቤት መሥራት የማይችለውም ደሞዙ ሳይነካ አረፈ።

ፓርኪንግ የሚሠራው ልጅስ? የሆቴል ክፍል የምታጸዳው፣ ኤርፖርት ዊልቸር የሚገፋው፣ አዛውንት የምትንከባከበው የሆም ኬር ሠራተኛስ?

እንዲህ ባለ ቀን ስልካችን ላይ የምትገባውን ቴክስት ሁላችንም እናውቃታለን፦ «ዛሬ ክፍት ነን። በጥንቃቄ ንዱ። መምጣት የማትችሉ አሳውቁን።»

ጨዋ መልእክት ትመስላለች አይደል? እስቲ ደግማችሁ አንብቧት። መንገዱ ያሰጋል ወይስ አያሰጋም የሚለውን ውሳኔ ከአለቃው ትከሻ አውርዳ እኛ ላይ ጫነችው። ከሄድን አደጋው የእኛ ነው። ከቀረንም የቀረው ክፍያ የእኛ ነው። ኪራይ ደርሶበት እጁ ላይ ምንም የሌለው ሰው እንዲህ ሲባል መረጠ አይባልም።

📌 ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በሰዓት የሚከፈለው ሰው የሚከፈለው ለሠራበት ሰዓት ብቻ ነው። ድርጅቱ ራሱ በበረዶ ምክንያት ቢዘጋ እንኳ ለዚያ ቀን የመክፈል ግዴታ የለበትም። ኦቨርታይም የማይታሰብለት የቢሮ ባለደሞዝ ግን ድርጅቱ ለአንድ ሁለት ቀን ቢዘጋ ደሞዙ አይቆረጥም። በረዶው አንድ፣ ሒሳቡ ሁለት።

በዚያ ላይ ከቤት ወደ ሥራ ስንነዳ ብንጋጭ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ በአብዛኛው አይሸፍነንም፤ ገና ሥራ አልጀመርንማ። ኡበርና ሊፍት የሚነዱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተቀጣሪ ስለማይቆጠሩ ይህ ሁሉ ክርክር እነሱን ጭራሽ አይነካቸውም። ዋጋው የሚጨምረው ደግሞ ልክ መንገዱ ሲከፋ ነው።

ዲሲ ውስጥ ግን ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። በፕሮግራማችሁ መሠረት ሥራ ቦታ ደርሳችሁ «ዛሬ ሥራ የለም፣ ተመለሱ» ብትባሉ፣ ሺፍታችሁ ከመጀመሪያውም አጭር ካልሆነ በቀር፣ ቢያንስ የ4 ሰዓት ክፍያ ይገባችኋል። ድልድዩን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ከገባችሁ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

📌 ውሳኔ ሲዘገይ

ዋናው ጥያቄ ማን ይወስን ብቻ ሳይሆን መቼ ይወሰን የሚለውም ነው። ለዚህ በኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል።

ዲሴምበር 2022 ነው። ከባድ የበረዶ ማዕበል እንደሚመጣ የአየር ትንበያው ከቀናት በፊት ተናግሯል። መኪና እንዳይነዳ የሚያግደው ትእዛዝ ሥራ ላይ የዋለው ግን ዓርብ ዲሴምበር 23፣ በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 9:30 ነበር። ማታውኑ ያልታገደው ለምን ተብለው ሲጠየቁ፣ ባለሥልጣናቱ የሌሊት ሺፍት ሠራተኞች ቤታቸው እንዲገቡ አስበን ነው አሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ችግሩ፣ በዚያ ሰዓት የጠዋት ሺፍት ሠራተኛ ከቤቱ ወጥቷል። ከወጣ በኋላ የሚመጣ እገዳ ምን ያደርግለታል?

ከዚያ በኋላ አምቡላንስም እሳት አደጋም መንቀሳቀስ አቃታቸው። በዚያ ማዕበል በአካባቢው ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሥራ ወደ ቤቷ ስትመለስ መኪናዋ በበረዶ ተይዞ እዚያው የቀረች የ22 ዓመት ወጣት ከእነሱ አንዷ ነበረች።

📌 «ሁሉም ይቅር» ማለት ነው?

አይደለም። አሠሪዎችም እውነት አላቸው። አልጋ ላይ የዋሉ እናት መድኃኒታቸውን የምትሰጣቸው፣ ገላቸውን የምታጥባቸው ልጅ ከቀረች ጉዳት ይደርስባቸዋል። ነርስ ያስፈልጋል፣ በረዶ የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል። ትንሽ ሬስቶራንት ከፍቶ የሚታገል ወገናችንም አንድ ቀን ሲዘጋ ኪራዩ አይቆምለትም።

ግን የተዘጋ ቢሮ ሥር ያለ ፓርኪንግ ማንን ሊያቆም ነው የሚከፈተው?

ሥራው በእርግጥ የማይቀር ከሆነ ወጪው የሥራው ነው መሆን ያለበት። ብዙ ሆስፒታሎች ማዕበል ሲመጣ ሠራተኞቻቸውን እዚያው ያሳድራሉ። ሌላውም አሠሪ ማደሪያ ወይም መጓጓዣ ማቅረብ ይችላል። የማይቀሩት ሥራዎች የትኞቹ እንደሆኑ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ተጽፎ ይታወቅ። የቀረው ሰው «ነገ አትምጣ» ወይም «ና» የሚለውን ማታውኑ ይስማ፤ መንገዱ አስፈርቶት ቢቀርም አይቀጣ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እሁድ መወሰን ከቻሉ፣ አንድ ማናጀር ሰኞ ንጋት ላይ ለምን ይጠብቃል?

📌 እስከዚያው እኛ ምን እናድርግ?

በረዶ ሊመጣ ነው ሲባል ማታውኑ ለአለቃችሁ በቴክስት ጠይቁ፦ «ነገ መንገዱ ካሰጋኝ ብቀር ፖይንት ይያዝብኛል? የዕረፍት ቀኔን መጠቀም እችላለሁ?» በስልክ አትጠይቁ፤ በጽሑፍ ይሁን። መልሱን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ካውንቲያችሁ የመንዳት እገዳ ካወጀም እሱንም አብራችሁ ላኩ። ሺፍታችሁን የሚጋሩ ልጆችም አብረው ቢጠይቁ ይሻላል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅ ሰነፍ ይባላል፣ ስድስት ሰው ሲጠይቅ ግን መልስ ይገኛል።

መልሱ ምን እንደነበር ደግሞ ለእኛም ጻፉልን። የድርጅቱን ስም መጥቀስ አይጠበቅባችሁም።