ኮርቻው ሲጫን

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር ከተማዋ ባጌጡ ፈረሶች ትጥለቀለቃለች። ጋላቢዎቹ ግን ዛሬም በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ሴቶች ብቅ ብቅ ማለታቸው ደስ ይላል፤ ሆኖም «አይ ጀግና!» ብሎ ፎቶ አንስቶ መበተን የትም አያደርስም። በዚያው አካባቢ፣ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ያለች ልጅ ለፈረስ እንግዳ አይደለችም። ውኃ ታጠጣዋለች፣ ሣር ታጭድለታለች፣ ጭነቱን ጠፍራ ገበያ ትነዳዋለች። ኮርቻው ሲጫን ነው ልጓሙ ወደ ወንድሟ እጅ የሚያልፈው። «ትወድቃለች» ይባላል። ወንዱስ ሳይወድቅ ነው እንዴ የለመደው? ደግሞም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞቹ ማኅበር የዓድዋ ዘማቾችንና የፈረሶቻቸውን ውለታ ይዘክራል፤ በዚያው ዘመቻ እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘምተዋል፣ በመቀሌ ምሽግ የነበረው የጣሊያን ጦር የሚጠቀምበትን ውኃ ማስያዙም የእሳቸው ምክር እንደነበር ይነገራል። «ሴት ለማጀት» የሚለው ብሂል ታዲያ በዓድዋ መታሰቢያ ላይ ምን ቦታ አለው? (ብሂሉን አጥብቀው የሚጠቅሱት፣ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ማጀት ገብተው የማያውቁት ናቸው።) እኔ ብጠየቅ ከሽልማቱና ከንግግሩ በፊት የማስቀድመው ሌላ ነው፤ አባት ለወንዱ እንደሚያደርገው ሁሉ ለሴት ልጁም ገና በልጅነቷ እርካቡን በቁመቷ ልክ ያሳጥርላት፣ ማኅበሩም ልጃገረዶች የሚለማመዱበት ቀንና የሚያሠለጥናቸው ጎበዝ ፈረሰኛ ይመድብ። በበዓሉ የጉግስ ጨዋታ ላይም ልጃገረዶቹ ለጌጥ ሳይሆን ለውድድር ይግቡ፤ ሲሸነፉም እንደ ማንም ፈረሰኛ ይሸነፉ።