የርእስ ሌባ የለም

አንድ የዘፈን ርእስ ለብዙ ድምፃውያን መዋሉ የስርቆት ማስረጃ ተደርጎ ሲቀርብ መስማት ያስቆጫል፤ ሰሞኑን በዋግ ሰቆጣ ወጣቶች ዘንድ ያገረሸው «ርእሱ የእገሌ ነበር፣ እገሊት ወሰደችበት» የሚል ሙግትም፣ ይህ ዓምድ ሳይታክት የሚያነሣውን አሮጌ ጥያቄ፣ ማለትም አድማጭ የዘፈኑን ስም እያወቀ የግጥሙን ደራሲ ለምን አይጠይቅም የሚለውን፣ መልሶ ቀስቅሶታል።

ለሙግቱ «ትዝታ» ብቻውን በቂ መልስ ነው። ትዝታ የዘፈን ርእስ ብቻ ሳይሆን የቅኝት ስምም ነው፤ ቅኝት ሲባል ክራርና መሰንቆ የሚቃኙበት፣ ዜማውም የሚመላለስበት የአምስት ድምፆች ሥርዓት ሲሆን፣ ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ይመደባል። ማሕሙድ አሕመድ፣ በዛወርቅ አስፋውና አስቴር አወቀ በየራሳቸው ግጥምና ድምፅ ተጫውተውታል፤ ሙላቱ አስታጥቄ ያለ ቃል በመሣሪያ ብቻ ሠርቶታል፤ ጌታቸው ካሣ ደግሞ በዝግታና በፍጥነት ሁለት ጊዜ አስቀርጾታል። በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ አልበም አሥረኛ ቅጹን በዚሁ በትዝታ ስም መሰየሙም ርእሱ የአንድ ሰው ንብረት ሳይሆን የብዙዎች መገናኛ መሆኑን ያሳያል።

ይህን ለመረዳት በዋግ ጠጅ ቤት የተቀመጠ አዝማሪን ማየት ይቀላል። በፍየል ቆዳ በተለበጠው መሰንቆው ላይ ያለችውን አንዲት የፈረስ ጭራ ክር እያጠበቀና እያላላ ከቃኘ በኋላ ጥቂት ስንኝ ያንጎራጉራል፤ ወዲያውም አንዱ ጠጪ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በዜማው ላይ ያስቀምጠዋል። ስሙ ያው ትዝታ ወይም ያው አምባሰል ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያው ብርሌ የተዘፈነውና ቤቱ ሲዘጋ የሚዘፈነው በአንድ ቃል እንኳ ላይገናኙ ይችላሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀውም ባዶ ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነውና፣ ክስ የሚያምረው ሰው ግጥሙና ዜማው መወሰዱን ያሳይ እንጂ «ትዝታ» የሚለውን ስም ይዞ አይሟገት።

ይልቅስ ቁጭት የሚገባው ሌላ የርእስ መመሳሰል አለ። ባቲና አምባሰል የወሎ ስፍራዎች ስም ሲሆኑ በቅኝትነታቸው አገር ምድሩን አዳርሰዋል፤ ለረጅም ዘመን የዚሁ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል የነበረው ዋግ ግን ዘፈኑ ሲቀረጽ የራሱ ስም እንኳ አይተርፈውም፤ የሰርጉም፣ የፍቅሩም፣ የሐዘኑም ዜማ «አገውኛ» የሚል አንድ ርእስ ተለጥፎበት ይወጣል። በዋግ የሚነገረው ኽምጣኛና በአዊ የሚነገረው አዊኛ፣ ምንም እንኳ ከአንድ የአገው ግንድ የወጡ ቢሆኑም፣ ተናጋሪዎቻቸው በየቋንቋቸው ቢነጋገሩ የማይግባቡባቸው ሁለት ቋንቋዎች ናቸው። «ትዝታ» የሚለውን ስም ዘፋኙ ራሱ መርጦ ይገባበታል፤ «አገውኛ» የሚለውን ግን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ከውጭ ይለጥፍበታል፤ በዚህም አንዱ ዘፈን ከሌላው ሳይለይ፣ ዘፋኟም ግጥም ሰጪውም ሳይታወቁ ይቀራሉ። ይህ ለሰቆጣ እናቶች ዜማ የሚገባ አያያዝ አይደለም።

ስለዚህ ከዝቋላም ሆነ ከደሃና፣ ከአበርገሌም ሆነ ከጋዝጊብላ ዘፈን የሚቀርጽ ወጣትም ሆነ የሬዲዮ አዘጋጅ፣ የዘፈኑን የመጀመሪያ ስንኝ በኽምጣኛው እንዳለ ርእስ ያድርገው፤ ከሥሩም የዘፋኙን፣ የግጥም ሰጪውንና የተቀረጸበትን ቀበሌ ስም ይጻፍበት።