ከሥልጠና ወደ ሙያ

ውዝዋዜ በአገራችን ከሠርግና ከዓመት በዓል ጋር ተያይዞ የኖረ በመሆኑ፣ ብዙ ሰው የሚያየው እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ሥራ አይደለም። ስለዚህ አንድ ወጣት «ተወዛዋዥ መሆን እፈልጋለሁ» ሲል ወላጆቹ ቢደነግጡ አያስገርምም። ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም፤ የመድረክ ገቢ አያስተማምንም፤ የተወዛዋዥም የመድረክ ዕድሜ አጭር ነው። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት ብዙዎችን መንገድ ላይ የሚያስቀራቸው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሥልጠናቸውን በፈጸሙ ማግስት ባለሙያ የሆኑ መስሏቸው መማራቸውን ማቆማቸው ነው።

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። የተወዛዋዥ ሙያ ግን በጡንቻና በጅማትም ውስጥ የተቀመጠ ነው። ልምምድ ያቋረጠ ሰውነት የተማረውን ይረሳል፤ ሰውነቱን ሳያፍታታ መድረክ ላይ የሚወጣም ራሱን ለጉዳት ያጋልጣል። ከዚህም በላይ የሚለመደው ነገር ብዙ ነው። የጎጃምንና የጎንደርን እስክስታ በትከሻውና በአንገቱ አሳምሮ የሚጫወት ወጣት፣ የእግር ፍጥነት የሚጠይቀውን የጉራጌን ጭፈራ ወይም ወገብን የሚያሠራውን የወላይታን ጭፈራ በአንድ ጊዜ አይወጣውም። በ1927 ዓ.ም. እንደተቋቋመው እንደ ሀገር ፍቅር ቴአትር ባለ መድረክ ላይ ለመቆም የሚሻ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ይኖርበታል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን ውዝዋዜ አስተማረ። ከዚህም ጥረት አዱኛ የተባለው ቡድን ተወለደ። ከሠልጣኞቹ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ፣ ዓመታት የፈጀ ሥልጠና ካገኘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓናዊው የውዝዋዜ ሊቅ በሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር እንዲማር ተመረጠ። ባለሙያ መሆኑ ከተማሪነት አላገደውም። በኋላም ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖ የተባለውን የውዝዋዜ ቡድን መሠረተ። ሥራ እስኪሰጣቸው ሳይጠብቁ ሥራ ፈጠሩ ማለት ነው።

«የዕለት ጉርሱን ያጣ ሰው እንዴት ልምምድ ይቀጥላል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በከፊል በወጣቱ፣ በከፊልም በአሠሪዎቹ እጅ ይገኛል። ወጣቱ ከመወዛወዝ ሌላ ማስተማርንና ውዝዋዜ ማቀናበርን ቢማር፣ ጉልበቱ በሚደክምበት ዕድሜም እንጀራ አያጣም። ክፍያውንና የሥራውን ጊዜ በጽሑፍ ውል ቢያስቀምጥ ድካሙ ከንቱ አይሆንም። ቴአትር ቤቶችም በበኩላቸው ሥልጠና የጨረሱትን ወጣቶች መጠነኛ አበል እየከፈሉ ከነባር ተወዛዋዦች ጋር ቢያለማምዱ፣ ራሳቸው ተተኪ ያገኛሉ።

እንግዲህ ወላጆች ልጃቸውን ከመከልከላቸው በፊት፣ በየማለዳው ለመለማመድ፣ ከሥልጠናም በኋላ ለመማር ዝግጁ መሆኑን ይጠይቁት። ዝግጁ ከሆነ እንደ ማንኛውም የእጅ ሙያ ተማሪ ሊደግፉት ይገባል።