የነቀርሳ ሕመምተኛ ትኩሳት ወረፋ አይጠብቅም



እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ስለ ነቀርሳ ወይም ካንሰር በተነሣ ቁጥር የምንነጋገረው ስለ በሽታው ክፋትና ስለ መድኃኒቱ ውድነት ብቻ ነው። ሕክምናው ራሱ ስለሚያስከትለው አደጋ፥ ይልቁንም በጥቂት ጥንቃቄ ሊድን ሲችል ስለሚሞተው ሰው የሚናገር በማጣቴ ብዕሬን አነሣሁ።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ አይሮፕላኖች በሠራዊታችንና በባላገሩ ላይ የረጩት መርዝ ቆዳን የሚልጥ፥ ዓይንን የሚያሳውርና ሳንባን የሚያቃጥል እንደ ነበር አባቶቻችን ነግረውናል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው ለዓለም ካመለከቱት ግፍ አንዱ ይኸው ነበር። የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ይህ መርዝ ታዲያ ከቆዳና ከሳንባ ሌላ በዓይን የማይታይ ጉዳትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1919 ክረምብሃር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በዚሁ ጋዝ ስለ ተጎዱ ወታደሮች ሲጽፉ፥ ነጭ የደም ሕዋሳቸው እጅግ እንዳነሰና የአጥንት መቅኔያቸውም እንደ ተጎዳ ገለጡ።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ «ነጭ የደም ሕዋስን የሚገድል ነገር ከነጭ ሕዋስ የሚነሣውን ነቀርሳስ ለምን አይገድልም?» በሚል አሳብ የዚሁ መርዝ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ናይትሮጅን ማስታርድን መረመሩ። የንፍፊት ነቀርሳ ለጠናበት አንድ ሰውም በደም ሥሩ ተሰጠው። ዕጢው በጥቂት ቀን ውስጥ ሟሟ። ነገር ግን የሰውየው መቅኔ ተጎዳ፤ ዕጢውም ተመልሶ መጣና በዚያው ዓመት ሞተ። ነገሩ የጦርነት ምሥጢር ስለ ነበረ ለዓለም የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ኬሞቴራፒ የምንለው ሕክምና የተወለደው ከዚህ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱና ጉዳቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንታ ሆነው የተወለዱ መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ምክንያቱም ይህ ነው። ብዙዎቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች የሚያጠቁት ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ሕዋስ ነው። ነቀርሳ ቶሎ ይራባል፤ ግን የፀጉር ሥር፥ የአፍና የአንጀት ሽፋን፥ ደም የሚሠራበትም የአጥንት መቅኔ እንዲሁ ቶሎ ይራባሉ። ፀጉር ቢረግፍ ተመልሶ ይበቅላል። ክፉው የመቅኔው መድከም ነው። ኑትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት የሰውነት ዘበኞች ናቸው፤ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ቁጥራቸው ከሁሉ ይልቅ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የወጣ የታወቀ ጥናት የእነዚህ ሕዋሳት ቁጥር ባነሰ መጠን፥ ባነሰበትም ቆይታ ልክ፥ ሕመምተኛው በተሕዋስያን የመጠቃቱ ነገር እንደሚበዛ አስረዳ። ዛሬም በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሲሆኑ ሐኪሞች ይሠጋሉ።

በዚያን ዘመን ሐኪሞች ተሕዋሱ ማን መሆኑን ከላቦራቶሪ ውጤት ሳያውቁ መድኃኒት ለመስጠት ያመነቱ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ግን ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ሞቶ ይገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1971 ወዲህ በወጡ ጥናቶች ልማዱ ተለወጠ፤ ትኩሳት እንደ ታየ ደሙን ለምርመራ ወስዶ፥ ውጤቱን ሳይጠብቁ ብርቱ አንቲባዮቲክ በደም ሥር መስጠት ሕግ ሆነ። በዛሬው ዘመን የሕክምና ሊቃውንት የሚሰጡት ምክር ሕመምተኛው በደረሰ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው መርፌ እንዲሰጠው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ አይደለምን?

ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ የታመመ የማይመስል መሆኑ ነው። መግል የሚሠራው ነጭ ሕዋስ ነው፤ ነጭ ሕዋስ ከሌለ መግል የለም፤ እብጠቱም አክታውም ያንሳል። ብዙ ጊዜ ምልክቱ ትኩሳት ብቻ ነው። ያንንም አንድ ምልክት የራስ ምታት ክኒን በመስጠት ካጠፋነው፥ በሽታው ሳይጠፋ የሚጠፋው ምስክሩ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባችን የንፍፊት ነቀርሳ ይዞት ይታከም ነበር። ሦስተኛውን ዙር መድኃኒት በወሰደ በዐሥረኛው ቀን ማታ አተኮሰው። ቤተ ሰቦቹ ብርድ መትቶት ነው ብለው ክኒን ሰጥተው፥ ጋቢ ደርበው አሳደሩት። በማግሥቱ ጧት ከወንድሙ ጋር ሆነን ወደ አንድ ሕክምና ቤት ወሰድነው። ካርድ ክፍል ተሰለፍን፤ ከካርድ ክፍል ወደ ምርመራ፥ ከምርመራ ወደ ላቦራቶሪ፥ ከላቦራቶሪ ወደ ገንዘብ መክፈያ ስንመላለስ የመጀመሪያው መርፌ የተሰጠው ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ሐኪሙ እንደ ነገሩን ንፍፊቱ ከግማሽ በላይ ቀንሶ ነበር። በሽታው እየተሸነፈ ሳለ ሰውየውን አጣነው።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የካርድ ክፍሏ ጸሐፊ በፊቷ ያየችው በእግሩ የቆመና የሚነጋገር ሰው ነው፤ ከኋላው ደግሞ እጁ የተሰበረ ልጅ ያለቅሳል። ማን እንደሚቀድም የሚነግራት አንዳች ወረቀት አልነበረም። በመዝገብ ቤት የምንሠራ ሰዎች ግን የዚህን መላ እናውቀዋለን። ሺህ ደብዳቤ በተከመረበት ጠረጴዛ ላይ «አስቸኳይ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሁሉን አልፎ ከኃላፊው ዘንድ ይደርሳል። ለደብዳቤ የተገኘ ማኅተም ለሰው ሕይወት ለምን ይታጣል?

ስለዚህ የመጀመሪያው አሳቤ እንዲህ ነው። ኬሞቴራፒ የሚሰጥ ሕክምና ቤት ሁሉ ለሕመምተኛው ቀይ ካርድ ይስጠው። በካርዱም ላይ የበሽታው ስም፥ የመድኃኒቱ ስም፥ መጨረሻ የተወሰደበት ቀንና የክፍሉ ስልክ ቍጥር ይጻፍ፤ ከዚያም በታች «የሰውነቱ ሙቀት 38 ከደረሰ ወይም ብርድ ብርድ ካለው ቀንም ሆነ ሌሊት ያለ ወረፋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይግባ» የሚል ቃል በጉልህ ይታተምበት። ከካርዱ ጋር የሙቀት መለኪያና አጠቃቀሙን የሚያስረዳ ምክር ይሰጠው። ድሆች ነንና አንችልም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነጭ ሕዋስን የሚያበዛው እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደው መርፌ በእርግጥ ውድ ነው። ካርድና ማኅተም ግን የሚጠይቁት ፈቃድን እንጂ የውጭ ምንዛሪን አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ነቀርሳ የሌለባቸውንም ይመለከታል። የሰውነት መከላከያ ኃይል አንዳንድ ጊዜ ዘበኛነቱን ትቶ በገዛ ጌታው ላይ ይነሣል፤ ሉፐስና ጣትን የሚያጣምመው የመጋጠሚያ ብግነት ከዚህ ወገን ናቸው። ለእነዚህም ከሚሰጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ከነቀርሳ ሕክምና የተወሰዱ ናቸው። ለምሳሌ ሪቱክሲማብ እ.ኤ.አ. በ1997 ለንፍፊት ነቀርሳ፥ በ2006 ደግሞ ለመጋጠሚያ ብግነት በአሜሪካ ተፈቀደ። ሜቶትሬክሴት የሚባለውም ክኒን ለመጋጠሚያ ሲታዘዝ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህን ክኒን በስሕተት በየቀኑ የዋጡ ሰዎች መቅኔያቸው ደርቆ፥ አፋቸው ቈስሎ የሞቱበት ጊዜ በየአገሩ ተመዝግቧል። ስለዚህ መድኃኒት የሚሸጡ ወገኖቻችን በፖስታው ላይ «በሳምንት አንድ ጊዜ» ብለው ብቻ ሳይሆን «ሰኞ ብቻ» ብለው ቀኑን በስሙ ቢጽፉ ብዙ ነፍስ ያድናሉ። ፕሬድኒሶሎንንም ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ተሻለኝ ብሎ ወይም ወደ ጠበል ልሄድ ነው ብሎ በድንገት ማቋረጥ የለበትም፤ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መሥራት አቁሞ ይቈያልና ወድቆ ሊቀር ይችላል። ጠበሉን በእምነት፥ መድኃኒቱን በሥርዓት መያዝ ይቻላል።

በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ስለ ሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን የመጋጠሚያና የአንጀት ብግነት መድኃኒት ከወሰዱ ሰዎች 70ዎቹ በሳንባ ነቀርሳ እንደ ታመሙ ተገልጧል። በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የነበረው በሽታ ዘበኛው ሲደክም ይነቃል። እንግዲህ እንዲህ ያለ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ለሳንባ ነቀርሳና ለጉበት ቫይረስ መመርመር የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በውጭ አገር ዘመድ ያለን ሰዎች የዚህን ተቃራኒ ማወቅ ይገባናል። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት የመከላከያ ሕዋሳት ፍሬን እንዳላቸውና ፍሬኑ ሲለቀቅ ነቀርሳን ሊያጠቁ እንደሚችሉ ስላስረዱ ነው። ፍሬኑ የተለቀቀ መኪና ግን መንገድ ሊስት ይችላል። አንጀትን፥ ሳንባን፥ ጉበትን፥ የአንገት እንቅርት ዕጢን፥ አልፎ አልፎም ልብን ያቆስላል፤ ያውም መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአሜሪካ ወይም ከእስራኤል ይህን ሕክምና ወስዶ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ ሰው ተቅማጥ ቢይዘው «የውሃ ለውጥ ነው» ብለን ዝም አንበል፤ የወሰደውን መድኃኒት ስም ይዞ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።

ለተመራማሪዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በአፍሪካና በአንዳንድ የመካከለኛው ምሥራቅ ሕዝቦች ዘንድ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ከአውሮፓውያን ያነሰ የኑትሮፊል ቍጥር ይዘው ይወለዳሉ፤ ይህም ከውርስ የመጣ እንጂ በሽታ አይደለም። በአውሮፓውያን ልክ የተሰፋ መመዘኛ ታዲያ ለሕመምተኛችን «ደምህ አልደረሰም» እያለ ሕክምናውን ያለ ምክንያት ሊያዘገይበት ይችላል። የሰው ልብስ ሲለብሱት ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል። የእኛን ልክ የሚለካልን የራሳችን ምርምር ነው።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን ወደ መንግሥት ሠራተኞች ልመለስ። ሰው ሲታመም ቢሮውን ዘግተን፥ ሃያ ሆነን፥ ብርቱካን ይዘን ለጥየቃ መሄድ ደግ ባህላችን ነው፤ እንዲቀርም አልመኝም። ነገር ግን ከሃያው መካከል አንዱ ጉንፋን የያዘው ከሆነና ሕመምተኛውን ሦስት ጊዜ ስሞ ከተመለሰ፥ የወሰደለት ፍቅር ሳይሆን በሽታ ነው። «ሰውነትህን ይጠግንልሃል» ተብሎ የሚቀርበው ጥሬ ክትፎና ያልተፈላ ወተትም ዘበኛ በሌለው ቤት እንደ ገባ ሌባ ናቸው። ሥጋው ይብሰል፥ ወተቱ ይፈላ፥ እጅ ይታጠብ። ያሳሰበው ሰው ተራ ወጥቶለት ሁለት ሁለት እየሆነ ይሂድ፤ ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ ያዋጣ፤ ደም ይለግስ፤ ሌሊት ሲደወልለት መኪና ይዞ የሚደርስ አንድ ሰው ከቢሮው ይመደብ። የክፍል ኃላፊዎችም በየሦስት ሳምንቱ የሚታከመውን ሠራተኛ ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር አዲስ ማስረጃ አምጣ እያሉ አያመላልሱት።

ሕመምተኛውም ራሱ ሕመሙን አይሸሽግ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አጠገቡ ያለው የሥራ ጓደኛው የታመመበትን ነገር ካላወቀ ትኩሳቱንም ብርድ ነው ይለዋልና።

ይህን ሁሉ መጻፌ ሰው መድኃኒቱን ፈርቶ እንዲሸሽ አይደለም። ኬሞቴራፒ ዛሬ ብዙ ሰዎችን ያድናል፤ ብዙዎችንም ያሰነብታል። የሚያስፈራው መድኃኒቱን አለማወቅ ነው። የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች የካርዱን ነገር ተመልክተው ሥራ ላይ እንዲያውሉት በአክብሮት እያመለከትሁ፥ አንባቢዎችም ይህን ለሕሙማን ዘመዶቻቸው እንዲያነቡላቸው አደራ እላለሁ።



አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ