ድርሰት ይማሩታል እንጂ ይዘውት አይወለዱም

«ድርሰት የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ያለው ይጽፋል፣ የሌለው ይተወዋል» የሚለው አነጋገር በትምህርት ቤቶቻችን ከተለመደ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። መምህሩንም ተማሪውንም ከድካም ስለሚያሳርፍ ሳይመረመር ይኖራል። እኛ ግን አንቀበለውም፤ ምክንያቱንም ከሩቅ አገር ሳንፈልግ ከራሳችን ቅኔ ቤት እናመጣዋለን።

በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቅኔ በማጥናት ብቻ አይውልም። ራሱ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም በመምህሩ ፊት ይነግራል። የሚጀምረውም ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። መምህሩ ሰምቶ ያርማል፣ ይነቅፋል፣ ሲያምርም ያመሰግናል። «ተሰጥዎ አለህን?» ብሎ በር ላይ የሚጠይቅ የለም። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን እርስ በርስ እያነበቡ የሚተራረሙበትን ዝነኛ የደራስያን ትምህርት የመሠረተው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛ ቅኔ ቤቶች በዚያን ጊዜ የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ ነበራቸው። ከቅኔ ቤት የምንወስደው ሥርዓቱን ነው፤ ሥርዓቱ ደግሞ የየትኛውም ሃይማኖት ልጅ ሊማርበት የሚችል ነው።

ይህን ማንሣታችን ስለ ወላይታ ሶዶ ለመናገር ነው። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች የዞን ከተማ ብቻ አይደለችም፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ቢሮ ሲበዛ ጽሑፍም ይበዛል።

በዚች ከተማ የመጽሐፍና የቋንቋ ነገር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ በመጣ ጊዜ፣ መምህሩም ተማሪውም ሕዝቡም ለተቃውሞ ተነሡ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉም እንዲቀር ተደረገ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። እንግዲህ ስለ ቋንቋው ይህን ያህል ዋጋ የከፈለ ሕዝብ ልጅ፣ በዚያው ቋንቋ ከራሱ አእምሮ ያፈለቀውን አንድ ገጽ ታሪክ ሳይጽፍ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ቢጨርስ፣ የተከፈለው ዋጋ ለምን ነበር ያሰኛል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወላይትኛን አፉን የፈታበት ሰው ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ነበር። የመማሪያ መጽሐፍ ብቻውን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ሥነ ጽሑፍ ሊሆነው አይችልም።

መምህራን የሚያቀርቡትን ምክንያት እናውቃለን። ፈተና አለ። ከ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ፣ ፈተና ላይ የማይወጣ ነገር ማስተማር እንደ ቅንጦት የሚታይ ሆኗል። ፈተናው የሚጠይቀው ከተሰጡት ፊደሎች አንዱን መምረጥ ነው። ነገር ግን ፈተናውን ያለፈው ወጣት ተመርቆ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምርጫ አይቀርብለትም፤ ባዶ ወረቀት ነው የሚቀርብለት። ያን ጊዜ «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ይጀምርና በዚያው ይቀራል። ንፋስ የትምህርት ቤት ጣሪያ ገነጠለ የሚለው ሪፖርት ስንት ክፍል እንደ ተራቆተ፣ ልጆቹ አሁን የት እንደሚቀመጡ፣ ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሆኑ ሳይነግረን ሁለት ገጽ ይሞላል። ወጣቱ ሹም በዚህ አይቀየመን፤ ያየውን ለሌላ ሰው ማሳየት ማንም አላስተማረውም።

እንግዲህ ክፍሉ እንዴት ይታቀድ? ትልቁ እንቅፋት የወረቀቱ ብዛት ነው። አንድ መምህር አራት ክፍል ቢያስተምርና በየክፍሉ ሃምሳ ተማሪ ቢኖር፣ 200 ወረቀት ይሰበሰባል። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ 1,000 ደቂቃ፣ ማለትም ከ16 ሰዓት በላይ ይሆናል። ይህን በየሳምንቱ የሚችል ሰው የለም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ድርሰት ያስጽፋሉ፣ ወረቀቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ነገሩም ያከትማል። ከእያንዳንዱ ክፍል በሳምንት የአሥር ልጆችን ወረቀት ብቻ ቢያነብ ግን 40 ወረቀት፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። እያንዳንዱ ተማሪ በአምስት ሳምንት አንድ ጊዜ የመምህሩን ዐይን ያገኛል። በቀሩት አራት ሳምንታት ጎን ለጎን የተቀመጡት ይነባበባሉ፤ የማይገባቸውን ቦታ ያሰምሩበታል፤ ጸሐፊውም እንደገና ይጽፈዋል። ይህ እንደገና መጻፍ የማይታለፍ ነው። አንድ ጊዜ ተጽፎ ማርክ የተሰጠው ድርሰት ለመዝገብ ይጠቅም እንደ ሆነ እንጂ ለተማሪው አይጠቅምም።

አጀማመሩም እንደ ጉባኤ ቃና አጭር ይሁን። «የትምህርት ጥቅም» የሚል ርእስ ሰጥቶ ሦስት ገጽ ማስሞላት ልጁን ያላመነበትን ነገር ማስዋሸት ነው። ትምህርት በመስከረም ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ጊፋታ ይመጣል። አባቶች ለበሬ መግዣ ገንዘብ ያጠራቀሙለት፣ እናቶች ቅቤ ያከማቹለት የዘመን መለወጫ ነው። ተማሪው ከበዓሉ ሲመለስ በቤቱ ያየውን አንድ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። «ደስ አለን» ማለት ክልክል ይሁንና ደስታው የታየበትን እጅ፣ ድምፅ፣ ሽታ ይፈልግ። ሁለቱ ሲሠምሩ ወደ አምስት፣ ከዚያ ወደ አንድ ገጽ ይለፍ።

በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ በሶዶ አስቸጋሪ ነው። ልጁ ወላይትኛን በላቲን ፊደል፣ አማርኛን በግእዝ ፊደል ይጽፋል፤ ትምህርቱንም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይቀበላል። በእኛ አሳብ የመጀመሪያው ረቂቅ ሐሳቡ በመጣበት ቋንቋ ይጻፍ፤ በሁለተኛው ጊዜ ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ። የእናትን ንግግር ወደ ሌላ ቋንቋ ሲያሻግር የሚገጥመው ትግል ራሱ ታላቅ ትምህርት ነው። መምህሩ ወላይትኛ ባይችልስ? ተማሪው ጮክ ብሎ ያንብብለት፣ ጓደኛው ይተርጉምለት፤ መምህርም ከተማሪ ቢማር ክብሩ አይቀንስም።

በ1953 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በዓል ላይ የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥም በተነበበ ጊዜ፣ የተማሪ ጽሑፍ ከክፍል ወጥቶ አገር የሚያነጋግር ሊሆን እንደሚችል ታይቷል። ለሶዶ ልጆች እንዲህ ያለው መድረክ ሩቅ አይደለም። በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት ከሚተላለፈው ሙዚቃ መካከል ዐሥር ደቂቃ ተቀንሶ፣ በየዓርቡ የሦስት ተማሪዎች ጽሑፍ ይነበብ። በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተማሪዎች በወር አንድ ቀን መጥተው የመምህሩን ወረቀት ቢያግዙት ከከተማው የሚያወጣቸው መንገድ የለም። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የምንጠይቀው ለእያንዳንዱ ልጅ ሌላ ነገር የማይጻፍበት፣ በዓመቱ መጨረሻም ለራሱ የሚቀርለት አንድ ደብተር ብቻ ነው።