ሰላዮቹ ሆቴል ሲከፍቱ እግረኞቹ የት ነበሩ?

ስለ ሰላዮች የሚሠራ ፊልም ሁለት ነገር ካልያዘ አይታይም፤ አንደኛው ተመልካቹን የሚያሳስት ምሥጢር፣ ሁለተኛው ምሥጢሩ ሊወጣ ሲል የሚመጣ አስደንጋጭ ሳቅ ነው። ጊዴዎን ራፍ ያዘጋጀውና በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በኔትፍሊክስ የወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ሁለቱንም ይዟል። በዚህ አንከራከርም። ክርክር ያስነሣብን ሌላ ነገር ነው፤ ከመካከላችን ከዳባት፣ ከደባርቅና ከአዲ አርቃይ የመጣን ስላለን፣ ታሪኩም ከደጃችን የተነሣ ስለ ሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

ላላዩት ነገሩን ባጭሩ እንንገር። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ወደ ሱዳን የተሰደዱትን ቤተ እስራኤሎች በባሕር ለማውጣት ያስባል። በቀይ ባሕር ዳር፣ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን፣ ሰው የተወውን የመዝናኛ መንደር ይከራይና ሰላዮቹን የሆቴል ባለቤቶች አድርጎ ያስቀምጣል። ሆቴሉ ለይምሰል ነበር፤ ታዲያ ምን ይሆናል፣ እንግዳ መጣ! ማስታወቂያውን ያመኑ አውሮፓውያን ሻንጣቸውን ይዘው ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ ጠመንጃ እንጂ መጥረጊያ ይዘው የማያውቁት ሰላዮች አልጋ ማንጠፍና እንግዳ ማስተናገድ ግድ ሆነባቸው። ቀን አሳላፊ፣ ሌሊት ሰው አሻጋሪ ሆኑ። ፊልሙ ከሁሉ የሚያምረው እዚህ ላይ ነው። የሱዳኑ ኰሎኔል ሳይታሰብ ብቅ ሲል ሰላዮቹ በፈገግታ ሲቀበሉት፣ እኛም እንደነሱ ትንፋሻችንን ይዘን ነበር።

ይህ የደራሲ ፈጠራ የሚመስለው ይኖራል፤ አይደለም። አሩስ የተባለው መንደር ከ1974 እስከ 1977 ዓ.ም. በእውነት በሞሳድ ሰዎች እጅ ነበረ፤ በእውነትም ባሕር የሚጠልቁ ጎብኚዎች ይመጡበት ነበር፤ የጠላቂዎቹ ዕቃ በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ የመገናኛ ራዲዮ ተደብቆ ነበር። በመጋቢት 1974 ዓ.ም. የሱዳን ወታደሮች በጨለማ ጀልባዎቹ ላይ ሲደርሱባቸው፣ የቡድኑ አለቃ እንደ መሸሽ ቱግ ብሎ፣ የምትተኵሱት እኮ በጎብኚዎች ላይ ነው ሲል መኰንኑን እንደ ገሠጸው ይነገራል። ከዚህ የበለጠ ኮሜዲ የትኛው ደራሲ ይጽፋል? ስለዚህ አንዳንድ ጓደኞቻችን «በዚህ ያህል መከራ ላይ እንዴት ይሳቃል?» ሲሉ አንስማማም። በሰላዮቹ ላይ መሳቅ ይገባል፤ ነገሩ ራሱ ያስቃልና።

ቅሬታችን እንዲህ ነው። በአገራችን ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ሆቴሉ ሰሙ፣ ስደተኛው ወርቁ ነው። ፊልሙ ሰሙን አሳምሮ ሠርቶ ወርቁን ረሳ። ቤተ እስራኤሎቹ በፊልሙ ውስጥ ይሸከሟቸዋል፣ ይቈጥሯቸዋል፣ በጀልባ ላይ ይጭኗቸዋል፤ ሲያስቡ፣ ሲመክሩ፣ ሲያታልሉ ግን አናያቸውም። ካሜራውም የሚወደው የክሪስ ኢቫንስን ደረት ነው። ለስደተኞቹ ወገን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ተሰጥቷቸዋል፤ እርሱም ከበደ ቢምሮ ይባላል። በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. የሞተው ማይክል ኬ. ዊሊያምስ በዐይኑ ብቻ ብዙ ተናግሯል፤ የተሰጠው ጊዜ ግን ለዚያ ዐይን አይበቃም።

የከበደ ምሳሌ የሆነው ፈረደ አክሉም የትግራይ ሰው፣ ሙያውም መምህርነት ነበር። ወደ ሱዳን ተሰዶ፣ ድረሱልን የሚል መልእክት ወደ ውጭ የላከ እርሱ ነው፤ ሞሳድ የመጣው ተጠርቶ ነው ማለት ነው። በጊዜው ከወገራ፣ ከስሜን፣ ከወልቃይትና ከደምቢያ የወረደው ሕዝብስ? ከብቱን ለጎረቤት ሳያሳውቅ ሸጦ፣ በሌሊት ቤቱን ዘግቶ፣ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ ከደጋው ወደ ቈላው ሲወርድ ምሥጢሩን ጠብቋል። በሱዳን ሰፈር ውስጥም ሃይማኖቱን ደብቆ ኖሯል። ከስደተኞቹ መካከል የተመረጡ ወጣቶች ኮሚቴ ተብለው፣ የሚሄደውን ሰው ስም እየያዙ፣ ጎረቤት ድንኳን ሳይሰማ ሌሊት ወደ መኪናው ያደርሱት ነበር። ሰላይነት ከተባለ ይህ ሰላይነት አይደለምን? መዓርግና ደመወዝ የሌለው፣ ሥልጠና ያልወሰደ፣ ቢያዝ መንግሥት የማይደራደርለት! ለተመልካች የሚሆነው ድንገተኛ መገለባበጥ ሁሉ እዚህ ነበር፤ አዘጋጁ ግን አጠገቡ ቆሞ አላየውም።

ፊልሙ የተነሣው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። የገንዘብና የፈቃድ ነገር ይሆናልና አንወቅስበትም። ሆኖም የሊማሊሞን ቍልቍለት የሚያውቅ ሰው፣ ከደባርቅ ውርጭ ወደ ቈላ ንዳድ መውረድ ምን እንደ ሆነ ይገባዋል፤ ደገኛ ሰው ለወባ እንግዳ ነው። በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች 4,000 ያህል እንደ ሞቱ ይገመታል። በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው የአውሮፕላን ጕዞ የወጡት 8,000 ያህል ነበሩ። ሁለቱን ቍጥር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የመንገዱን ዋጋ ያያል። በፊልሙ ውስጥ ግን መንገዱ ቶሎ ያልቃል፤ ሆቴሉ ነው የሚረዝመው።

ሱዳኖቹም ተበድለዋል። ኰሎኔሉ ጨካኝ የሆነው ፊልሙ ጨካኝ ስለሚያስፈልገው ብቻ ነው። ያች አገር በዚያው ዘመን ከኢትዮጵያ በረኀብና በጦርነት የተሰደደውን ብዙ መቶ ሺሕ ሕዝብ ማስጠለሏን የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ምን ያከብድ ነበር?

ከሁሉ ይልቅ የጐደለው ግን የመነሻው ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ከምን ተነሥተው ሄዱ? ኢየሩሳሌምን መናፈቃቸው እውነት ነው፤ ያ ብቻ ግን አይደለም። የአገራችን ገበሬ ማረሻውንና ማጭዱን የሚያሠራው ከነሱ፣ ማሰሮውንና ጀበናውን የሚገዛው ከሴቶቻቸው ነበር። ማረሻውን ተቀብሎ ሠሪውን «ቡዳ» ይለው ነበር። ርስት ተነፍጎት በሰው መሬት ጭሰኛ ሆኖ የኖረ ብዙ ነው፤ አያቶቹ ግን በዚሁ በስሜን ተራራ ላይ የራሳቸው ገዢዎች ነበሯቸው፤ እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመንም ተዋግተዋል። ይህን የሆሊውድ ሰው ባያውቅ አይገርምም። የሚገርመው ፊልሙን አይተው በሱዳኑ ኰሎኔል ላይ ጥርሳቸውን ያፋጩ ጓደኞቻችን፣ «ቡዳ» የሚለውን ቃል ዛሬም በቀልድ ሲጠቀሙበት መስማታችን ነው።

ፊልሙ ይታይ ወይ? ይታይ እንላለን። የሆቴሉ ክፍል በደንብ ያስቃል። ወደ መጨረሻው ከአንድ አደጋ ወደ ሌላው ሲጣደፍ ይደክማል፤ ሳቁም መከራውም አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ይደራረባል። ካዩ በኋላ ግን በዳባትና በደባርቅ ያሉትን አረጋውያን ጠጋ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በ1970ዎቹ ጠዋት ሲነሡ የጎረቤታቸው የአንጥረኛው ቤት ተዘግቶ፣ ወናፉ ቀዝቅዞ ያገኙት ያን ጊዜ ጎልማሶች ነበሩ፤ አሁን ያሉት ጥቂቶች ናቸው።