አሮጌ ላፕቶፕ ከመጣሉ በፊት

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የምስጢር መጠበቂያ ስለሚሻ፥ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖችን አይቀበልም። እንግዲህ በደብረ ታቦር ወይም በወረታ የዱቤ መዝገቡን፥ የሩዙንና የድንቹን ሂሳብ በአሮጌ ላፕቶፕ የሚይዝ ነጋዴ ምን ያድርግ?

አዲስ ይግዛ ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደ ናረ ከአስመጪው በላይ የሚያውቅ የለም። ባለበት ይቀጥል ማለትም መጋዘን ሳይቈልፉ እንደ ማደር ነው።

ሦስተኛው መንገድ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኘው ሊኑክስ ነው። ዐይነቱ ብዙ ስለ ሆነ መራጩ ከሁሉ የቀለለውን ይሻል። ለነጋዴ የሚበጀው ግን መኪናው የሚችለው፥ ጥገናውም ለብዙ ዓመት የማይቋረጠው ነው። 4 ጊጋባይት ራም ላለው ባለ 64 ቢት ላፕቶፕ ሊኑክስ ሚንት ከነኤክስኤፍሲኢ ገጹ ይስማማል፤ 22ኛው እትሙ እስከ 2021 ዓ.ም. ይጠገናል። ባለ 32 ቢት ለሆነው ደብያን 12 አለ፤ ጥገናው እስከ ሰኔ 2020 ዓ.ም. ይዘልቃል። የቆየውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥም ፍጥነቱን እጅግ ይጨምራል።

ይሁን እንጂ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ነገር አለ። በአገራችን የተለመደው የፒችትሪ ሂሳብ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ በእርሱ የሚሠራ ድርጅት ያንን ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ለይቶ ለሂሳብ ብቻ ማዋል ይሻለዋል። የኤክሴል ሠንጠረዥ በሊብሬኦፊስ ይከፈታል። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በሊኑክስም ይነበባል፤ በፓወር ግዕዝ የቀድሞ ፊደሎች የተጻፈ ሰነድ ግን ፊደሎቹ ካልተጫኑ ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል።

ስለ ሆነም ሰነድ ሁሉ በሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ቀጥሎም ሊኑክሱ ሳይጫን ከፍላሽ ተነሥቶ አታሚውና ዋይፋዩ መሥራታቸው ይፈተን። ይህ ፈተና ገንዘብ አያስወጣም፤ ካልተስማማም ፍላሹን ነቅሎ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል።

ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት ማውረድ ጥቂት ጊጋባይት ይፈጃል። ፈቃዱ ማባዛትን ስለማይከለክል ግን አንድ ቅጂ ለከተማው ሱቅ ሁሉ ይበቃል። የከተማው ንግድ ምክር ቤት ቅጂውን ይዞ ለአባላቱ ቢያድል፥ ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎችም የመጫን ርዳታ ቢጠይቅ፥ ነጋዴው ካፒታሉን ለሸቀጥ ያተርፋል፤ ተማሪውም ሥራ ይለምዳል።